አንድ ጭፍራ፣ ሰባት ዘመቻ

ጓንጉል እምቢ ማለት አይሆንለትም። ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ያለችውን ትንሽ ምግብ ቤቱን የሚያዘወትር ሁሉ ይህን ያውቃል፤ አንዳንዱም ይጠቀምበታል። ደንበኛ ወጡ ጨው በዝቶበታል ካለ፣ ጓንጉል ሳይቀምስ "ልክ ነዎት" ብሎ ሌላ ያስቀርባል። መንገድ ላይ ሰው ሲገፋው ቀድሞ "ፖሌ" ብሎ ይቅርታ የሚጠይቀው ተገፊው እሱ ነው። ይሉኝታን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ይመስላል። እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤት ሲሆን ደስ ይላል፤ ለራሱ ግን ምን እንደሚተርፈው እንጃ።

ዕድሜው ከሠላሳ አምስት አልፏል፤ አላገባም። ለምን አታገባም የሚሉትን "እሱ ያውቃል" እያለ ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ ይሸኛል። እግዜር ማወቁንስ ያውቃል፤ ግን ጓንጉል ራሱም በደንብ ያውቀው ነበር። ምክንያቱ ሚልካ ትባላለች።

ሚልካ የምግብ ቤቷ ገንዘብ ተቀባይ ነበረች። ሳውዝ ሲ ከአክስቷ ከወይዘሮ ሙሉነሽ ጋር የምትኖር፣ የስደተኛነት ጉዳይዋ እስኪያልቅ ዓመታት የጠበቀች፣ ስትስቅ አፏን በመዳፏ የምትሸፍን ልጅ። ከሰዓት በኋላ፣ የምሳ ሰው ወጥቶ የራት ሰው እስኪመጣ ምግብ ቤቷ ጭር ስትል፣ ሁለቱ በመስኮቱ በኩል ያለውን ጠረጴዛ ጠርገው ካርታ ይዘረጉ ነበር።

ካርታ ሲባል ቁማር እንዳይመስላችሁ። ሚልካ ቶይ ገበያ አሮጌ ሹራብ ልትገዛ ሄዳ፣ ከልብሱ ክምር ሥር ጭጋግና የተራራ ላይ ግንብ የተሳለበት ሳጥን አግኝታ ያመጣችው የተረት ጨዋታ ነው። ተጫዋቾቹ እርስ በርስ አይሸናነፉም። ሁሉም አንድ ወገን ሆነው ጭራቁን፣ ተኩላውን፣ እሳቱን፣ ከመሐል የሚገለበጠውን መዓት ሁሉ አብረው ነው የሚዋጉት። እያንዳንዱ ተጫዋች ከትልቁ ክምር ጀግናውን፣ ጋሻውን፣ ፈረሱንና መድኃኒቱን መርጦ የራሱን ስብስብ ያዘጋጃል። "ይሄማ ጭፍራ ነው" አለች ሚልካ መመሪያውን እያነበበች፤ ጭፍራ ሆኖ ቀረ። ጭፍራው የሚገጥማቸውን ሰባት ታሪኮች ደግሞ ዘመቻ አሏቸው። ጠንቋይና መተት ያለባቸውን ካርታዎች ሚልካ አይታ "እነዚህን እኔ አልነካም" ብላ ለብቻ አስቀመጠቻቸው። እሷ ጴንጤ ናት፣ ጓንጉል ኦርቶዶክስ። በዚህ ጉዳይ ግን ሁለቱም አንድ ሃይማኖት ሆኑ። ያለ መተት፣ በጦርና በጋሻ ብቻ ይዘምቱ ጀመር።

ስድስቱን ዘመቻ እያደር አሸነፏቸው። ሰባተኛው ግን አልበገር አለ። ደረቅ ሸለቆ ነው፤ ጀግኖቹ በየዙሩ ይጠማሉ፣ ያልጠጣ ይደክማል፣ አንዱ ከወደቀ ሁሉም ተሸነፈ። ጀግናህን ለማጠጣት ከእጅህ አንድ ካርታ ትጥላለህ። የሌላውን ሰው ጀግና ለማጠጣት ግን ሁለት መጣል ግድ ነው። ፈረንጅ ይህን ሕግ ሲያወጣ ማንኛውም ባለአእምሮ መጀመሪያ ለራሱ ይጠጣል ብሎ መሆን አለበት። እነዚህን ሁለቱን አላወቃቸውም።

"አንቺ ጠጪ፣ እኔ ገና ነኝ" ይላል ጓንጉል፤ ሁለት ካርታ ይጥላል።

"ኧረ በሞቴ! አንተም ጠጣ" ትላለች ሚልካ፤ እሷም ሁለት ትጥላለች።

ሸለቆው ግማሽ ላይ ሳይደርሱ ሁለቱም እጃቸው ባዶ ይሆናል፤ ሸለቆው ውስጥ የሚያሳድዳቸው ጥላ መጥቶ ይውጣቸዋል። ለሁለት ዓመት፣ በየሳምንቱ፣ እንዲሁ። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አሉ" ትላለች ሚልካ እየሳቀች፣ "እኛ ስናብር ግን ምንጭ ዳር በውኃ ጥም እንሞታለን።" ጓንጉል ያ ሳቅ እንዳያልቅ ሲል ብቻ ዕድሜ ልኩን ቢሸነፍ ግድ አልነበረውም። ይወዳት ነበር፤ አልነገራትም። ሠራተኛዬ ናት፣ ብጠይቃት እምቢ ማለት ይከብዳታል ይላል ለራሱ። ቤተ ክርስቲያናችን ይለያያል ይላል። ጉዳይዋ ሊያልቅ ሲል እንቅፋት ልሁንባት እንዴ ይላል። ምክንያት ለመደርደር ሲሆን እንደ ጓንጉል ያለ ሰው የለም።

ከኬንያው ምርጫ ግርግር በኋላ፣ ናይሮቢ ረገብ ስትል፣ የሚልካ ጉዳይ አለቀና ኖርዌይ ተቀበለቻት። ኤርፖርት አክስቷ ዘወር ባሉበት ደቂቃ ሻንጣዋን በሁለት እጇ ይዛ "ጓንጉል፣ አንተ ምን ትለኛለህ?" አለችው። ጥያቄው ምን እንደሆነ በልቡ ገብቶት ነበር። "ሂጂ ነው የምልሽ" አላት፤ "ዕድልሽን አታበላሺ። ስለ እኔ አታስቢ።" ሚልካ አየችውና "እሺ" አለች። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ አበው። ጓንጉል የቀረበት ደጃዝማችነት ቢሆን ኖሮ ማን ይቆጨው ነበር!

ካርታውን ትታለት ሄደች። ብዙ እሑድ ትደውላለች፤ ስለ በረዶው፣ ስለ ቋንቋው ክብደት፣ ስለ አክስቷ የጉልበት ሕመም ያወራሉ። ስልኩ ሲዘጋ ጓንጉል የተዘጋውን ስልክ ጆሮው ላይ ትንሽ ያቆየዋል። ሌላ ሰው ቢያየው ያፍርበታል፤ ግን ያደርገዋል። ከሰዓት በኋላ ከመስኮቱ ሥር ካርታውን ብቻውን ይዘረጋል፤ የመተቶቹን ካርታዎች ዛሬም አይነካም። የምትከለክለው ሰው ኦስሎ ናት፣ እሱ ግን እዚህ እንዳለች ሆኖ ይጫወታል።

እንዲህ እያለ ዓመት አለፈና፣ አንድ ሰኞ ጋሼ ይገዙ ወደ ምግብ ቤቱ መጡ። ጋሼ ይገዙ በርበሬና ሽሮ ከአገር ቤት የሚያስመጡ ነጋዴ፣ ሳውዝ ሲ ባለው የአበሻ ጉባኤም የተከበሩ ሰው ናቸው። ቁጭ አሉ፤ ውኃ ጠጡ፤ አፋቸውን ጠረጉ።

"ጓንጉል፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ ነው።"

"ምን ችግር አለው ጋሼ፣ ይዘዙኝ።"

"የወንድሜ ልጅ አድነው ኦስሎ ነው ያለው። ጨዋ ልጅ ነው፤ አውቶቡስ ይነዳል። እዚያ ቤተ ክርስቲያን አንዲት ልጅ አይቶ ልቡ ወደደ። ጠይቋት 'ሽማግሌ ወደ አክስቴ ላክ' አለችው፤ እሷም ጨዋ ናት። ያቺ እዚህ ትሠራ የነበረችው፣ ሚልካ።"

ጓንጉል የያዘውን ብርጭቆ በቀስታ አስቀመጠ።

"እሑድ ወደ ወይዘሮ ሙሉነሽ ልንሄድ ነው። ሁለት ሆነናል፣ ሦስተኛው አንተ ሁንልኝ። ልጅቷ እንደ ወንድም ነው የምታይህ፣ አክስቷም አንተን አክብረው አይጠግቡም። አንተ ካለህበት እምቢ አይሉንም።"

ጓንጉል አልችልም ለማለት አፉን ከፈተ። የወጣው ግን "ደስ ይለኛል ጋሼ" የሚል ነበር። ጋሼ ይገዙ ትከሻውን መታ መታ አድርገውት ወጡ።

ሰው የሚወዳትን ሴት ለሌላ ወንድ ሊለምን እሺ ይላል? ጓንጉል ብሏል። ከዚያ ደግሞ የባሰ አደረገ፤ ሊወስን ያልደፈረውን ነገር ካርታ እንዲወስንለት ሰጠ። በመመሪያው መጨረሻ ገጽ ላይ ለብቸኛ ተጫዋች የተጻፈ ፈተና ነበር፦ አንድ ሰው፣ አንድ ጭፍራ፣ አንድም ካርታ ሳይለውጥ ሰባቱንም ዘመቻ መሻገር። እነሱ በየዘመቻው ጭፍራቸውን እያፈረሱ እንደገና ይሠሩ ነበርና ይህን ሞክረውት አያውቁም። ጓንጉል በልቡ ተሳለ። ይህ ጭፍራ ብቻውን ሰባቱን ከተሻገረ፣ ሰው ብቻውን መኖር ይችላል ማለት ነው፤ እሑድ ሄጄ አፌን ዘግቼ ሽማግሌ እሆናለሁ። አንዱ ላይ ከወደቀ ግን ጋሼ ይገዙን ይቅርታ ጠይቄ ለሚልካ ደውዬ ሁሉንም እነግራታለሁ። ስለቱን ወደ ማርያም እንዳይወስደው አፈረ፤ በካርታ የተሳለ ሰው ቤተ ክርስቲያን ምን ብሎ ይገባል?

ማክሰኞ ጭፍራውን ሠራ። ሊሸነፍ ፈልጎ ደካማ ካርታ ቢመርጥ ማን ያየው ነበር? እሱ ግን ማጭበርበር አያውቅም፤ በራሱ ላይ እንኳ። ጀግናው አንድ ያረጀ የበር ዘብ ነበር፤ ጦር፣ ወፍራም ጋሻ፣ አንድ በቅሎ፣ ጥቂት መድኃኒት፣ አንዲት የዝናብ ካርታ። የመጀመሪያው ዘመቻ ድልድይ የዘጋ ግዙፍ ነው፤ ጉልበት ይጠይቃል፣ ዘቡ ጉልበት አለው። ሁለተኛው ዋሻ ነው፣ እሱንም አለፈ። ሦስተኛው የተኩላ ጫካ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ለሁሉም ይሆናል ብለው የሠሩት ጭፍራ ለአንዱም አይበቃምና በቅሎይቱ እየተንፏቀቀች፣ ተኩላው ከኋላዋ፣ ለትንሽ አመለጠ። ጓንጉል ሲያመልጥ ደስ አላለውም። ይህን ልብ አለ፤ ግን አለፈው።

አራተኛው የሚቃጠል መንደር ነው። አንድ ሰው ስንቱን ያወጣል? እሳቱ ሦስት ቤት በላ። የቀረችው ካርታ አንዲት ናት፤ እሷ ባዶ ከሆነች አለቀ። ጓንጉል ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የምለው ነገር መጀመሪያው ምን ይሁን እያለ ማሰብ ጀምሮ ነበር። ካርታዋን ገለበጣት፤ ዝናብ። መንደሩ ዳነ። ጓንጉል ዝናቡን እያየ "ምን ነበረበት!" አለ ጮክ ብሎ፤ ድስት የሚያጥበው ልጅ ከጓዳ ብቅ ብሎ አየውና ተመለሰ።

አምስተኛውንና ስድስተኛውን እስከ ዓርብ ተሻገረ። አልደነገጠም፤ ሰባተኛው አለ። ሰባተኛውን ማን ተሻግሮት ያውቃል? ሁለት ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ የወደቀበት ሸለቆ አንድ ያረጀ ዘብ አያሳልፍም። ቅዳሜ ከሰዓት ጠረጴዛውን ሲጠርግ ልቡ ቀለል ብሎት ነበር። ዛሬ እሸነፋለሁ፣ ዛሬ እደውላለሁ እያለ ካርታውን በወዘ።

ዘቡ ሸለቆው ውስጥ ገባ። ተጠማ። ጓንጉል አንድ ካርታ ጥሎ አጠጣው። ደግሞ ተጠማ፤ ደግሞ አንድ ጥሎ አጠጣው። የሚያስቀድመው ሰው የለ፣ "አንቺ ጠጪ" የሚላት የለች፣ ሁለት የሚጥልበት ምክንያት የለ። እጁ ሞልቶ ዘቡ እየተራመደ ሸለቆውን ጨረሰው። ከሰባቱ ዘመቻ ሁሉ የቀለለው ይህ ነበር፤ ሻይ እስኪቀዘቅዝ እንኳ አልፈጀም።

ጓንጉል ያሸነፈውን ጭፍራ ፊት ለፊቱ አድርጎ ቁጭ አለ። ሸለቆው ከባድ ሆኖ አያውቅም ማለት ነው። ሁለት ዓመት የወደቁት ጥላው በርትቶባቸው ሳይሆን፣ እሱም እሷም አንድም ቀን "እኔ ጠምቶኛል" ብለው ስለማያውቁ ነው። እሷ ስለ እሱ ስታስብ፣ እሱ ስለ እሷ ሲያስብ፣ ሁለቱም በጥም አለቁ። አሁን ብቻውን ሆኖ ጠግቦ ወጣ፤ እንዲህ ያለ ጥጋብ ግን ደስ አላለውም። ከእሷ ጋር ሆኖ መሸነፍ ናፈቀው። በጣም ናፈቀው። ዓይኑን በጠረጴዛው ጨርቅ ጠርጎ ካርታውን ሰበሰበ።

ይህ ሁሉ የገባው ሰው ይደውላል ብላችሁ ይሆናል። ጓንጉል አልደወለም። ስለት ስለት ነው አለ፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ፈራ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ከጋሼ ይገዙና ከሌላ አንድ የጉባኤው አባት ጋር ሳውዝ ሲ ሄደ። ወይዘሮ ሙሉነሽ በሩን ከፍተው ሲያዩአቸው ፊታቸው ላይ አንድ ነገር መጣና ጠፋ። ዓይናቸው ጓንጉል ላይ ነበር።

"ግቡ፣ ተቀመጡ" አሉ።

"ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም" አሉ ጋሼ ይገዙ እንደ ወጉ፤ ሦስቱም ቆመው ቀሩ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ አድነው ጨዋነት፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ አምላክ ፈቃድ ተናገሩ። "ልጃችሁን ለልጃችን ብለን ደጅ ልንጠና መጥተናል" ብለው ጨረሱ።

ወይዘሮ ሙሉነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ወጉ ተመካክረን እንነግራችኋለን ማለት ነበር" አሉ። "ልጅቷ ግን ትናንት በስልክ አንድ ቃል አስቀምጣልኛለች። 'ከሚመጡት ሰዎች መካከል ጓንጉል ካለ፣ ሳትመክሪ እሺ በያቸው። ጓንጉል ከሌለ ቆዩ በያቸው' ነው ያለችኝ። ለምን እንደሆነ ብጠይቃት አልቅሳ ዘጋችው።"

"አላልኳችሁም?" አሉ ጋሼ ይገዙ እጃቸውን አጨብጭበው። "ይህን ልጅ ማምጣቴ!"

ለምን እንደሆነ አክስትየው ባይገባቸው ጓንጉል ገብቶታል። ለሌላ ሊለምናት ከመጣ ፈልጓት አያውቅም ማለት ነው፤ እንግዲያውስ ታግባ። ካልመጣ ግን አንድ ተስፋ አለ፤ ትጠብቅ። ሚልካ ጥያቄዋን ደግማ ጠይቃው ነበር። እሱም ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጥቶ መለሰላት።

"አንዴ ይቅርታ" ብሎ ወጣ።

"ምሥራቹን ሊነግራት ነው" ሲሉ ሰማቸው ጋሼ ይገዙ፣ እየሳቁ።

ግቢው ውስጥ ከተሰጣው ልብስ ሥር ቆሞ ደወለ። ቶሎ አነሳችው፤ ስልኩን ይዛ ቁጭ ብላ የነበረች ይመስላል።

"እኔ ነኝ" አለ።

"ጓንጉል።" ትንፋሿ ተሰማው። "አብረሃቸው መጥተሃል?"

"መጥቼ ነበር። ወጣሁ።"

"ለምን ወጣህ?"

"የምፈልግሽ እኔ ነኝ" አለ ጓንጉል። ድምፁ የራሱ አልመሰለውም። "አድነውን አታግቢው። ጥሩ ሰው ነው፣ ግን አታግቢው። እኔ እፈልግሻለሁ። እዚህ ስትሠሪም እፈልግሽ ነበር። ኤርፖርትም ሂጂ ስልሽ እፈልግሽ ነበር።"

ከወዲያ ለረጅም ጊዜ ለቅሶ ብቻ ሆነ።

"ይህን ለማለት ኦስሎ እስክገባ ጠበቅክ?" አለችው። "ያን ቀን አንዲት ቃል ብትለኝ እኮ አልሄድም ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"አታውቅም! አሁን አንተ እዚያ፣ እኔ እዚህ። መቼ ልትመጣ ነው? ወረቀቱ ስንት ዓመት ሊፈጅ ነው?"

"አላውቅም ሚልካ።"

"እኔም አላውቅም።" አፍንጫዋን ጠረገች። "አክስቴ እሺ አለቻቸው?"

"ሊሉ ነው።"

"ታዲያ ደጅ ቆመህ ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ግባና ለእነሱ ንገራቸው እንጂ!"

ስልኩ ተዘጋ። ጓንጉል ገባ። ጋሼ ይገዙ እሺታውን ተቀብለው ለምርቃት እጃቸውን ዘርግተው ነበር፤ ወይዘሮ ሙሉነሽና ሌላው አባት አንገታቸውን ደፍተዋል።

"ጌታ ጋብቻቸውን ይባርክ" አሉ ጋሼ ይገዙ።

"አሜን" አሉ ሁለቱ።

ጋሼ ይገዙ አንድ ድምፅ እንደጎደለ ተሰማቸውና ዓይናቸውን ገልጠው ወደ በሩ ዞሩ። "አሜን በል እንጂ ጓንጉል" አሉት።

"አልልም ጋሼ" አለ ጓንጉል።